የዱር እንስሳት መድኃኒታቸውን ያውቃሉን? ከአዳማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂው በአዳማ ከተማ ዳርቻ የሚኖሩና በግቢያቸው ጥቂት ፍየሎች የሚያረቡ ሰው ናቸው። ባለፈው በጋ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሄደው በፏፏቴው አካባቢ ዝንጀሮዎች የበደኖ ፍሬ እየለቀሙ ሲበሉ አይተዋል። አብሯቸው የነበረ ሰውም ዝንጀሮዎቹ ፍሬውን የሚበሉት የቢልሃርዝያ መድኃኒታቸው መሆኑን አውቀው እንደሆነ ነግሯቸዋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። አንደኛ፣ የዱር እንስሳት ለሕመማቸው መድኃኒት ፈልገው ይወስዳሉ የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ? ሁለተኛ፣ እውነት ከሆነ ፍየሎቻቸው ከአጥሩ ላይ ግራዋ ሲቀነጥሱ ስለሚያዩ፣ ግራዋውን ጨምቀው ቢግቷቸውና የትል መድኃኒት መግዛቱን ቢተዉትስ?

የተከበሩ ጠያቂ፣ መልሴን አስቀድሜ ባጭሩ ላስቀምጥ። የዱር እንስሳት ከዕፅዋት፣ ከአፈር፣ ከነፍሳትም ሳይቀር ለሕመማቸው የሚበጃቸውን ይወስዳሉ፤ ይህም ላለፉት አርባ ዓመታት ገደማ በጥንቃቄ ሲጠና የቆየ ጉዳይ ነው። ሆኖም አንድ እንስሳ አንድን ተክል በላ ማለትና በዚያ ተክል ራሱን አከመ ማለት ለየቅል ናቸው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመድረስ ብዙ ድካም ይጠይቃል። በአዋሽ ያዩት ነገር ገና እዚያ አልደረሰም። ግራዋው ግን ደርሷል፤ ስለዚህ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ግራዋን እኔም እርስዎም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች የጋኑን ውስጥ በግራዋ ቅጠል ፈትገው ያጥባሉ፤ ቅጠሉ ሲታሽ እጅን የሚያረነጉድ ጭማቂ ይወጣዋል፤ ያንን እጅ በደንብ ሳይለቃለቁ እንጀራ ቢቆርሱበት ምሬቱ እስከ ጉሮሮ ይከተላል። በኦሮምኛ ኤቢቻ የሚባለው ይኸው ተክል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቬርኖኒያ አሚግዳሊና፣ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በብዙ ቦታ ይበቅላል። በታንዛኒያ፣ በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር በሚገኙት የማሃሌ ተራሮችም አለ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1987 በዚያ ስፍራ ማይክል ሃፍማን የተባለ ተመራማሪና መሐመዲ ሰይፉ ካሉንዴ የተባሉ ታንዛኒያዊ የፓርክ ባልደረባ ቻውሲኩ የምትባል አንዲት እንስት ቺምፓንዚ ይከታተሉ ነበር። ቻውሲኩ ታማ ነበር፤ ምግብ ቀንሳለች፣ በቀን ትተኛለች፣ ሽንቷና ሰገራዋም እንደ ወትሮው አልነበረም። ከዚያም ወደ አንድ የግራዋ ቁጥቋጦ ሄደች፤ ለጋ ቅርንጫፍ ሰብራ ቅጠሉንና ቅርፊቱን ልጣ ጣለች፤ ውስጡ ያለውን ለስላሳ ክፍል ብቻ እያኘከች ጭማቂውን መጠጠችና ቃጫውን ተፋች። ሌሎች ጤነኛ ቺምፓንዚዎች በአጠገቧ ነበሩ፤ አንዳቸውም ተክሉን አልነኩም። በማግሥቱ ቻውሲኩ አገግማ እንደ ወትሮዋ ስትበላና ስትንቀሳቀስ ታየች። ሰይፉ ካሉንዴ የባህል መድኃኒት ዐዋቂም ስለነበሩ፣ የቶንግዌ ሕዝባቸው ይህንኑ ተክል ለሆድ ሕመም እንደሚጠቀምበት ለሃፍማን የነገሩት እርሳቸው ናቸው። ይህን የማነሣው ነገሩ በብዙ ቦታ ሲተረክ የእርሳቸው ስም እየተዘለለ የፈረንጁ ስም ብቻ ስለሚቀር ነው፤ እኔ ግን ያለ እርሳቸው ዕውቀት ያች ቅርንጫፍ ተራ ምግብ ተደርጋ ትታለፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ ቀን የታየ ነገር ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ በሚቀጥሉት ዓመታት የቺምፓንዚዎቹ ሰገራ እየተሰበሰበ የትል ዕንቁላል ተቆጠረ። ዋናው ጠላታቸው በትልቁ አንጀት ግድግዳ ላይ እባጭ የሚፈጥር ትል ሲሆን፣ በዝናብ ወራት ይበረታል፤ የግራዋ ማኘኩም የሚበዛው በዚያው ወቅት ነው። መራራውን ክፍል ባኘከች በአንዲት ቺምፓንዚ ላይ በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ የተቆጠረው ዕንቁላል በ20 ሰዓት ውስጥ ከ130 ወደ 15 ወርዶ ተገኝቷል። ተክሉም በቤተ ሙከራ ሲመረመር፣ ቻውሲኩ በመጠጠችው የውስጥ ክፍል ቬርኖኒዮሳይድ ቢ1 የተባለና በጥገኛ ተሕዋስያን ላይ የሚሠራ ንጥረ ነገር ሲገኝ፣ በጣለችው ቅጠልና ቅርፊት ደግሞ ቬርኖዳሊን የሚባል ይበልጥ መርዘኛ ንጥረ ነገር በብዛት አለ። እንግዲህ ያች እንስሳ መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን የሚጣለውንም ለይታለች። ይህን ነጥብ እባክዎ ይያዙልኝ፤ ወደ ፍየሎችዎ ስንመጣ ያስፈልገናል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጠባይ አለ። ሪቻርድ ራንግሃምና ቶሺሳዳ ኒሺዳ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳወቁት፣ በታንዛኒያ ያሉ ቺምፓንዚዎች በማለዳ፣ ምግብ ሳይቀምሱ፣ የአስፒሊያ ተክል ሻካራ ቅጠሎችን አንድ በአንድ እየቀጠፉ፣ በምላሳቸው አጥፈው፣ ሳያኝኩ ይውጧቸዋል። ቅጠሎቹም ሳይፈጩ በሰገራቸው ይወጣሉ። መጀመሪያ ላይ በቅጠሉ ውስጥ ትል የሚገድል ኬሚካል ተገኘ ተብሎ ብዙ ተወራ፤ በኋላ ቅጠሉ በድጋሚ ሲመረመር የተባለው ኬሚካል አልተገኘበትም። ነገሩ የተፈታው በሌላ መንገድ ነው፤ ቅጠሉ በጥቃቅን ፀጉር መሰል እሾሆች የተሸፈነ ስለሆነ፣ ባዶ አንጀትን ኮርኩሮ ቶሎ እንዲገፋ ያደርገዋል፤ ትሎቹም ተጠራርገው ከቅጠሉ ጋር ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ በሕይወት እያሉ በቅጠሉ ላይ ሲንቀሳቀሱ ታይተዋል። ዛሬ ከ30 በላይ የሆኑ የተለያዩ ዕፅዋት ቅጠሎች በልዩ ልዩ የአፍሪካ ደኖች በዚህ መንገድ እንደሚዋጡ ይታወቃል፤ የሚያመሳስላቸው የኬሚካል ይዘታቸው ሳይሆን ሻካራነታቸው ነው። ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ በቶሎ ይገባዋል፤ ኮሶም የሚጠጣው በማለዳ፣ በባዶ ሆድ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች አንድን ነገር ራስን ማከም ብለው ከመቀበላቸው በፊት ይጠይቃሉ፦ እንስሳው በእርግጥ ታሞ ነበርን? ተክሉን የሚወስደው ሲታመም ብቻ ነው ወይስ የዘወትር ምግቡ ነው? ከወሰደ በኋላ ተሽሎታልን? የተሻለውስ በዚያ ነገር መሆኑ በቤተ ሙከራ ይታያልን? አንዱ ሲጎድል ግምት ብቻ ይቀራል። ከዚሁ ከአካባቢያችን ምሳሌ ልስጥዎት። ከብቶች ቦሌ የሚባለውን ጨዋማ አፈር ሲልሱ፣ ወደ ሆራ፣ ማለትም ማዕድን ወዳለው ውሃ፣ ሲነዱም ውሃውን በስስት ሲጠጡ ያያሉ፤ ይህ በአብዛኛው የጨውና የማዕድን ጉድለትን መሙላት ስለሆነ ምግብ እንጂ መድኃኒት ልንለው አንችልም። በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩ የወንዝ ዳር ገደል ላይ በቀቀኖች የሚበሉት ሸክላ አፈር ግን ሌላ ነው፤ ያ አፈር ከሚበሉት ፍሬ የሚመጣውን መርዝ በሆዳቸው ውስጥ እንደሚይዝላቸው በሙከራ ታይቷል። ሁለቱም አፈር መብላት ናቸው፤ ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። ውሻ ሣር ሲበላ ታመመ የምንለውም እንደዚሁ ነው። በአሜሪካ ከ1,500 በላይ የውሻ ባለቤቶች ሲጠየቁ ሣር ከመብላታቸው በፊት የታመሙ የመሰሉት ውሾች ከ10 አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር።

አሁን ወደ አዋሽ ልመለስ። በፏፏቴው አካባቢ የነገረዎት ሰው ወሬውን ከራሱ አልፈጠረውም፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጄን ፊሊፕስ-ኮንሮይ በዚያው ስፍራ ያደረገችው ጥናት ነው። የበደኖ ዛፍ ከፏፏቴው በላይም በታችም አለ፤ ፍሬውን ሲበሉ ያየቻቸው ግን ከፏፏቴው በታች የሚኖሩት ዝንጀሮዎች ናቸው። የቢልሃርዝያ ተሸካሚ የሆነው ቀንድ አውጣ የሚበዛውም በዚያው በታችኛው ውሃ ነው። በወንጂ ስኳር እርሻ ቦዮች አጠገብ ያደገ ሰው ይህ በሽታ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ስለሚያውቅ ነገሩ ልብ ቢነካ አያስገርምም። በደኖ ውስጥ ሳፖኒን የሚባል አረፋማ ንጥረ ነገር አለ፤ ይህም በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው የደረሱበት ዓይነት ኃይል ነው።

ይሁንና ቀንድ አውጣን በወንዝ ውስጥ መግደልና በዝንጀሮ ደም ሥር ውስጥ የሚኖረውን የቢልሃርዝያ ትል መግደል አንድ አይደሉም። ተመራማሪዋ ራሷ ከባልደረባዋ ጋር ሆና በበደኖ ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዱን፣ ዲዮስጄኒንን፣ ቢልሃርዝያ ለያዛቸው አይጦች በምግብ መልክ ሰጥታ ሞክራዋለች፤ የታሰበውን ፈውስ አላሳየም። በበኩሌ ይህ ውጤት ለሙያው ክብር እንደሆነ አምናለሁ፤ ያማረ ሐሳብ ያቀረበች ሴት ራሷ ፈትና የተገኘውን እንዳለ ጽፋለችና። እንግዲህ ለጥያቄዎ የመጀመሪያ ክፍል ስለ አዋሽ የምለው ይህ ነው፤ ዝንጀሮዎቹ በደኖ መብላታቸው እውነት ነው፣ ለምግብነትም ይሆናቸዋል፤ መድኃኒታቸው መሆኑ ግን አልተረጋገጠም።

ስለ ዝንጀሮ ካነሣን፣ ከመድኃኒት በፊት የሚመጣ ሌላ ብልሃት አላቸው። በኬንያ፣ በአምቦሴሊ የተጠኑ ዝንጀሮዎች በአንድ የማደሪያ ዛፍ ላይ ጥቂት ሌሊት ካደሩ በኋላ ወደ ሌላ ማደሪያ ይዛወራሉ፤ ወደ ቀድሞው የሚመለሱትም በሰገራቸው የወደቀው የትል ዕንቁላል ተፈልፍሎ እጩ ትሎቹ ከጠፉ በኋላ እንደሆነ የገመቱ ተመራማሪዎች አሉ። ይህንንም እንዲይዙልኝ እለምናለሁ።

ሕክምናው በሚዋጥ ነገር ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በኢንዶኔዥያ፣ በሱማትራ ደሴት ራኩስ የተባለ አውራ ኦራንጉታን ከዓይኑ በታች ጉንጩ ላይ ቆስሎ ታየ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፋይብራውሪያ ቲንክቶሪያ የተባለ የሐረግ ቅጠል በላ፤ ከዚያም ቅጠሉን ሳይውጥ እያኘከ ጭማቂውን በጣቱ እየወሰደ ለሰባት ደቂቃ ያህል ቁስሉ ላይ ቀባ፤ በመጨረሻም ያኘከውን ቅጠል ቁስሉ እስኪሸፈን ለጠፈበት። ቁስሉ ሳያመረቅዝ በአምስት ቀን ውስጥ ገጠመ። ያ ሐረግ በአካባቢው ሰዎች ዘንድም ለወባና ለሌሎች ሕመሞች የሚያገለግል ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ ብዙ ተወራለት፤ እኔ ግን የታየው በአንድ እንስሳ ላይ፣ አንድ ጊዜ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በጋቦን ደግሞ ቺምፓንዚዎች የሚበር ነፍሳት በከንፈራቸው ይዘው በራሳቸው፣ አልፎ አልፎም በሌላ ቺምፓንዚ ቁስል ላይ እያደረጉ ሲያሹ በተደጋጋሚ ታይተዋል፤ ነፍሳቱ ምን እንደሚያደርግላቸው ገና በጥናት ላይ ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የጠራ ማስረጃ ያለን ግን ከትንሾቹ ነው። ምስጥ የሚወርሩ ማታቤሌ የሚባሉ አፍሪካዊ ጉንዳኖች፣ ከዘመቻ ሲመለሱ እግራቸው የተቆረጠባቸውን ጓዶቻቸውን ተሸክመው ወደ ጎጆ ያስገባሉ፤ ጎጆ ውስጥም ቁስሉን ደጋግመው ይልሱታል። ተመራማሪዎች የቆሰሉትን ለይተው ያለ እንክብካቤ ሲያስቀምጧቸው በ24 ሰዓት ውስጥ 80 በመቶው ያህል ሞቱ፤ የተላሱት ግን ከ10 በመቶ ገደማ በላይ አልሞቱም። ጉንዳን መጠን ያለው አንጎል የለውም ብሎ ለሚያልፍ ሰው ይህ ቁጥር ቆም ብሎ ማሰቢያ ይሆነዋል።

ታዲያ እንዴት ያውቃሉ? የጉንዳኑ ከተፈጥሮው የተወረሰ ነው። የቺምፓንዚው ከተፈጥሮም ከትምህርትም ነው፤ ዱር አይተው የማያውቁ በግቢ ያደጉ ቺምፓንዚዎች ሻካራ ቅጠል ሲሰጣቸው ጥቂቶቹ በራሳቸው አጥፈው ሲውጡ፣ ሌሎቹ እነርሱን እያዩ ተምረዋል። ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በአሜሪካ፣ በዩታ በበግ ግልገሎች ላይ የተደረገው ሙከራ ነው። ሁዋን ቪላልባና ባልደረቦቹ ለግልገሎቹ የሚያሳምሙ ሦስት ዓይነት ምግቦችን በተለያየ ጊዜ ሰጥተው፣ ከእያንዳንዱ ሕመም በኋላ ማርከሻውን አቀመሷቸው። በኋላ ሦስቱም ማርከሻ ባንድነት ሲቀርብላቸው፣ የተማሩት ግልገሎች ለያዛቸው ሕመም የሚሆነውን ለይተው አብዝተው በሉ፤ ሕመሙንና ማርከሻውን አገናኝተው ያላዩት ግን መለየት አልቻሉም። ስለዚህ የቤት እንስሳም ይህ ችሎታ አለው፤ ነገር ግን ሕመሙን፣ ጣዕሙንና መሻሉን የሚያገናኝበት ዕድል ማግኘት አለበት።

ሰውም ከእንስሳ ተምሯል። የመሐመዲ ሰይፉ ካሉንዴ ቤተሰብ እንደሚተርከው፣ አያታቸው በተቅማጥ በሽታ ዘመን አንዲት የታመመች ጃርት የአንድ ተክል ሥር ቆፍራ ስትበላና ስታገግም አይተው ነው ተክሉን ለሰዎች የሰጡት። መርዘኛ እንደሆነ ይታመን ስለነበር አስቀድመው ራሳቸው ቀምሰው አሳይተዋል ይባላል። እዚህ ላይ የማደንቀው መቅመሳቸውን ነው፤ ጃርቷ ስለበላች ብቻ ለሰው አልሰጡም።

አሁን ስለ ፍየሎችዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ለአንዲት ፍየል ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ባለቤቶቹ ግራዋ ወቅጠው፣ ጨምቀው፣ ራሷን ወደ ላይ ቀና አድርገው በጠርሙስ ግተዋታል። ስደርስ አንገቷን ዘርግታ ቆማለች፤ ከአፍንጫዋ አረንጓዴ አረፋ ይወጣል፤ ደረቷን ሳዳምጥ ውሃ እንደሚፈላ ይንተከተካል። ጭማቂው በጉሮሮ ፈንታ ወደ ሳንባ ገብቶ ነበር። ከመንጋጋዋ በታች በእጅ ሲጫኑት የሚሰረጉድ እብጠት ነበራት፤ ደም በሚመጥ የጨጓራ ትል ለረጅም ጊዜ መጎዳቷን ያመለክታል። ሰዎቹ ሕመሙን በትክክል ገምተዋል፣ ተክሉንም ያለ ነገር አልመረጡም፤ ሆኖም በሦስተኛው ቀን ሞተች። ያን ቀን ያዘንኩት ከድንቁርና ሳይሆን ከእንክብካቤ የመጣ ሞት ስለነበረ ነው።

ቻውሲኩ ያደረገችውንና እነዚያ ደግ ሰዎች ያደረጉትን ያስተያዩ። እርሷ የውስጡን ክፍል ወስዳ ቅጠሉን ጣለች፤ እነርሱ የጨመቁት ቅጠሉን ነው። እርሷ ምሬቱ በቃኝ ሲላት አቆመች፤ ፍየሏ ግን ማቆም አልቻለችም። ፍየል በራሷ ፈቃድ ከአጥር ላይ ግራዋ ስትቀነጥስ ልብ ብለው ከሆነ፣ ጥቂት ቅጠል ወስዳ ወደ ሌላ ታልፋለች፤ በዚህ አይከልክሏት፣ ግራዋውንም ከአጥሩ ላይ አይንቀሉ። በርከት ያሉ የተለያዩ ቁጥቋጦዎች የምታገኝ ፍየል ሣር ብቻ ከምትግጥ የተሻለ ዕድል አላት፤ ትልም የሚገባት በአብዛኛው ከመሬት ከምትለቅመው እርጥብ ሣር ጋር ነው። መጋቱን ግን ይተዉት፤ በተለይ ያረገዘችና ግልገል።

የአምቦሴሊዎቹን ዝንጀሮዎች ያስታውሱ። የዱር እንስሳ ሰገራው ከወደቀበት ይርቃል፤ የእርስዎ ፍየሎች ግን በአንድ ግቢ ታጥረው፣ ትናንት በጣሉበት መሬት ላይ ዛሬ ይበላሉ። በዚህ ሁኔታ የትኛውም ቅጠል ብቻውን አያሸንፍም፤ ዛሬ የወጣው ትል ነገ ተመልሶ ይገባል። መኖውን ከመሬት ከፍ አድርገው በገበታ ላይ ወይም አስረው በማንጠልጠል ይስጡ፤ በረቱን በየጊዜው ይጥረጉ፤ በክረምት ጤዛው ሳይረግፍ በማለዳ አያሰማሩ።

የመድኃኒቱ ነገር ደግሞ በግምት የሚወሰን አይደለም፤ ሳያስፈልግ ደጋግሞ መስጠትም ትሎቹን ያላምዳቸዋል። የእያንዳንዷን ፍየል የታችኛውን የዓይን ሽፋን በብርሃን ገለጥ አድርገው ይመልከቱ፤ ቀላ ያለ ከሆነ ደም አላት፣ እንደ ወረቀት የነጣ ከሆነ ግን በአስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋታል። ከዚህ በተጨማሪ ከሁለት ከሦስት ፍየሎች የዕለቱን ትኩስ ሰገራ፣ ከመሬት ሳይሆን ሲጥሉ ተቀብለው፣ በንጹሕ ፌስታል ለየብቻ ቋጥረው፣ ፀሐይ ሳያገኘው በቅርብ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱና የትል ዕንቁላል ምርመራ ያስደርጉ። መድኃኒት ከታዘዘ ፍየሎቹን ያስመዝኑ፤ ለፍየል የሚሰጠው መጠን ለበግ ከሚሰጠው የሚለይበት ጊዜ ስላለ በጎረቤት በግ መጠን አይስጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰገራውን ድጋሚ ያስመርምሩ፤ የዕንቁላሉ ቁጥር ካልቀነሰ የሰጡት መድኃኒት አልሠራም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱንም የምርመራ ወረቀቶች ይዘው ወደ ባለሙያው ይመለሱ።